ቦራው ላይ ሁለት ዶላር

ቅዳሜ ቅዳሜ ገረመው ጺሙን አይላጭም፣ የቤት ሱሪውን አይቀይርም፣ ከቤትም አይወጣም። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ደህና ሰው ሲኖር ይሰነብትና ቅዳሜን ለፈረስ ይሰጣታል። ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ውስጥ በተከራየው ቤዝመንት ከመስኮቱ ሥር ያለችው ሶፋ ላይ ይደላደላል፤ ታብሌቱን ትራስ ላይ ያቆማል፤ በቀኙ የሻይ ቴርሞስ፣ በግራው የተቆላ ሽምብራ፣ ጭኑ ላይ ደግሞ ዓርብ ላይብረሪ ሄዶ ያተመው የፈረሶች ዝርዝር ይቀመጣል። ፈረሶቹ የሚሮጡበት ቶሮንቶ ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና አምስት ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው ውድድር ያኔ ይጀመራል። በአንዱ ውድድር ሁለት ዶላር ያስይዛል። ሁለት ዶላር ሰውን አያከብርም፣ አያደኸይም።

ጨዋታው ግን የብቻ ጨዋታ አልነበረም። ጓደኛው ወልዴ ነበረበት። ሁለቱ ሃያ ስድስት ዓመት ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ ነድተዋል፤ ፈረስ የለመዱትም ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ አንደኛው ሌላኛው መኪና ውስጥ እየገባ ነው። ጡረታ ሲወጡ ገረመው እዚሁ ቀረ። ወልዴ ልጁ ኤዶም ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኮክረን ቤት ስትገዛ እሷ ጋ ገባ፤ ደም ብዛቱ ዐይኑን ስለጎዳው መንዳትም ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን በስልክ ያሳልፉ ጀመር። ኤዶም ቅዳሜ ሥራ ትገባለች፤ ቤቱ የወልዴና የውሻዋ ነው። ገረመው ከዚህ ያስይዛል፣ ወልዴ ከዚያ ይጮኻል፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ እስከ አሥር ሰዓት አይዘጋም።

አመራረጣቸው ለየቅል ነው። ገረመው ወረቀት ያነባል፤ ፈረሱ ስንት ጊዜ ሮጠ፣ ማን ጋለበው፣ ጭቃ ይወዳል ወይ፣ አንድ በአንድ ያሰምርበታል። ወልዴ ወረቀት አይነካም። ፈረሶቹ ከውድድሩ በፊት በሰልፍ ሲታዩ ቦራ ይፈልጋል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ካየ ያለቀ ነገር ነው፣ ሌላ አይሰማም። «ቦራ ግንባሩ ላይ መብራት አለው፤ መንገዱን እያየ ነው የሚሮጠው» ይላል። በድሮ ጊዜ ጎበዝ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፤ አባ እገሌ ይባላል፤ ሲሞትም አልቃሽ በዚያው ስም ታነሣዋለች። እነሱም ፈረሱ ባይኖረን ስሙ ለምን ይቅርብን ብለው ተሰያየሙ፤ ወልዴ አባ ቦራ፣ ገረመው አባ ወረቀት። ይህን ስም ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። በሰባ ዓመት ፈረስ ማስያዝ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚነገር ነገር አይደለማ።

ከአራት ሳምንት በፊት ተጣሉ። ወልዴ አንድ ቦራ አየና «አስይዝልኝ» አለ። ገረመው ወረቀቱን ተመለከተ፤ ፈረሱ አሥራ አንድ ጊዜ ሮጦ አንዴም አልቀናው። «እሺ» አለና ሳያስይዝ ቀረ። የሰው ገንዘብ ማዳኑ ነበር እንግዲህ። ፈረሱ ሁሉንም ጥሎ፣ ብቻውን፣ ሽርሽር የወጣ ይመስል ገባ። ወልዴ ኮክረን ላይ እልልታውን አቀለጠው፤ ውሻዋ ሳትቀር ጮኸች። ገረመው እውነቱን ነገረው። ወልዴ «ስለ ብሩ አይደለም» አለ፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሺ እያልከኝ የራስህን ነው የምትሠራው።» ዘጋው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገረመው አላጣውም። ነገር ግን ወልዴን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ታናሽ ነው ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው፤ ታላቅ ቀድሞ ከደወለ ምኑን ታላቅ ሆነ? እንዲህ እያለ ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። ስልኩ አልጮኸም። ገረመው ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ታላቅነቱን ሳይነካ የሚደውልበት ዘዴ አግኝቶ ነበር። በየውድድሩ ከራሱ ፈረስ ሌላ አንድ ቦራ እየፈለገ ሁለት ዶላር በወልዴ ስም ያስይዝ ነበር። አንዱ ቦራ ይግባ እንጂ «ፈረስህ ገባልህ» ብሎ ይደውላል። ይህ ይቅርታ አይደለም፤ ዜና ነው። ይቅርታውን ወልዴ ራሱ ውስጡ ያገኘዋል። ታዲያ የአገሩ ቦራ ሁሉ የተማከረ ይመስል ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንዱም አልገባ አለ።

የዛሬው አራተኛው ነው። ዛሬ ደግሞ ዝምታው ከወልዴም አልፎ ነበር። ቴዎፍሎስ፣ እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው ጎልማሳ፣ ዓርብ ማታ «ጋሼ፣ በስንት ሰዓት ልምጣ?» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ትናንት አልደወለም። ገረመው ሁለት ጊዜ ቢደውልለት አላነሣም። ከላይ የምትኖረው አከራዩ ቅድስትም ጠዋት ልብስ ልታጥብ ስትወርድ አየችውና ደረጃው ላይ ቆመች። ሌላ ቀን «ቁርስ በሉ?» ሳትል አታልፍም። ዛሬ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «እንደምን አደሩ» አለችና ቅርጫቷን እንደያዘች ተመልሳ ወጣች።

«ምን አድርጌያት ነው?» አለ ገረመው ለቴርሞሱ። ሬንቱን በጊዜው ከፍሏል፤ ቲቪ አላስጮኸም። ቫንኮቨር ያለው ልጁ ሩቤን በወር አንዴ ይደውላል፤ የዚህን ወር ደውሎ ጨርሷል። ሰውን ሲተዉት በአንድ ቀን አይተዉትም፣ በየተራ ነው የሚተዉት ብሎ አሰበና ሆዱ ባባ። ሽምብራውን አነሣ፤ አላሰኘውም፤ መልሶ አስቀመጠው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች ቦራ የሚባል አልነበረም። በአራተኛው ነበረ፤ ሰባተኛ ወጣ። የራሱ ፈረስ በአምስተኛው ውድድር ገባለትና ስድስት ዶላር ከምናምን አገኘ፤ ደስ አላለውም። ስልኩን እንደ ድሮው የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ አቁሞታል። በስድስተኛው ላይ አንዱ ጋላቢ ሊወድቅ ሲል «አየኸው አባ ቦራ?» ብሎ ጮኸ። ማንም ሳይኖር አፈረ።

ስምንተኛው ውድድር ላይ ቁጥር አራት ታየ። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ስሙ ዊስኪ ጃክ ነው፤ ከስሙ በቀር ደህና ነገር አልተጻፈለትም። ዘጠኝ ወር ታሞ ከርሟል። ገረመው የራሱን ሁለት ዶላር ቁጥር አንድ ላይ አደረገ፤ የወልዴን አራት ላይ።

ሲለቀቁ አራት ከኋላ ሁለተኛ ነበር። «ተወው» አለ ገረመው፤ «ይህም እንደወንድሞቹ ነው።» መታጠፊያው ላይ ግን ፈረሱ ወደ ውጭ ወጣ። አንዱን አለፈ። ሁለት አለፈ። ገረመው ሳያውቀው ቆሟል። «በል! በል እንጂ የኔ አንበሳ!» ቁጥር አንድ፣ የራሱ ፈረስ፣ ፊት ነበር፤ «አንተ ደግሞ ዞር በልለት!» ብሎ የገዛ ፈረሱን ተቆጣው። ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ከዚያ ያ ነጭ ግንባር ባንድ አንገት ቀድሞ ገባ። ገረመው እልል ሲል የሽምብራው ሳህን ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ታብሌቱ አርባ አንድ ዶላር ከሃያ አሳየው። ብሩን ማን አየው! ስልኩን አነሣ፤ የወልዴን ቁጥር ተጫነ።

አምስት ጊዜ ጠራ። ያነሣችው ኤዶም ነበረች።

«ሄሎ?»

«ኤዶም! ገረመው ነኝ ልጄ። ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ? አባትሽን አቅርቢልኝ እስቲ። ቦራው ገባ በይው!»

«ጋሼ... ሃይ። ዳዲ... ኡም... ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት? ቅዳሜን?»

«ያ፣ ላይክ... ደክሞት ነው። ሲነሣ ኮል ባክ... አይ ሚን፣ እነግረዋለሁ።»

ካልጋሪ የተወለደች ልጅ ናት። ለታላቅ መዋሸት አልለመደችም፤ ድምፅዋ ትንፋሽ እንደሚይዝ ሰው ነበር። ከኋላዋ ብዙ ሰው አለ፤ ግን ማንም አይስቅም። ታጣፊ ወንበር ሲዘረጋ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ገረመው ያንን የብረት ድምፅ ያውቀዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም እሱ ራሱ ሲጭን ሲያወርድ ኖሯል። ወዲያው የቴዎፍሎስ ድምፅ ቀረብ አለና በሹክሹክታ «ማነው? እሳቸው ናቸው? እንዳትነግሪያቸው» ሲል ሰማ።

ገረመው በዚህ ከተማ ለስንት ቤት መርዶ እንዳደረሰ ቆጥሮ አያውቅም። ወጉን ለእነቴዎፍሎስ ያስተማራቸውም እሱ ነው። «ብቻውን ለሚኖር ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም» ብሏቸዋል። «ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ነው። እስክትሄዱ ድረስ አትደውሉለት፣ ቢደውልም አታንሡ፣ ከፊቱም አትቁሙ፤ ፊታችሁ ይናገራል።» የዓርቡ ስልክ፣ የቅድስት ቅርጫት፣ ሁሉም አሁን ገባው። አልተዉትም ነበር። ወልዴ ሞቷል፤ ሊያረዱት ሰው እያሰባሰቡ ነው።

«ሞተ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት ትነግረዋለች። ትነግረውና በስልክ ያረዳሁት እኔ ነኝ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ትጸጸታለች።

«እሺ ልጄ» አለ። «ይተኛ፤ አትቀስቅሺው። ሲነሣ ግን ቦራው ገባ በይው። አደራ።»

«ኦኬ ጋሼ። እነግረዋለሁ። አይ ፕሮሚስ» አለችና ለቅሶዋ ሳያመልጣት ዘጋች።

ገረመው ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ መልሶ አቆመው። ማልቀስ ፈለገ፤ ግን መርዶ አልተረዳም። ገና ያልተረዳ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ከኮክረን እዚህ ድረስ ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው፤ አሁን ስለደወለ ይቸኩላሉ። ታብሌቱን አጠፋ። የፈረሶቹን ዝርዝር አጥፎ ሶፋው ሥር ከተተ። ተንበርክኮ ሽምብራውን ከምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በስንት ዘመኑ ቅዳሜ ቀን፣ ጺሙን ተላጨ።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ አስጠላው። በሁለት ዓመት ታላቅነት አራት ቅዳሜ በላ። ወልዴ እዚያ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ሲጠብቅ ኖሮ ይሆን? ወይስ እንደተቀየመው ነው የሄደው? የሚጠይቀው ሰው የለም። አንዲት ስልክ ነበረች፣ ያቺኑ ስልክ ለፈረስ አሳልፎ ሰጠ። «አሞኘኸኝ ገረመው» አለ፤ አሁንም ለማንም አይደለም።

ሸሚዝና የክት ሱሪውን ለበሰ። ቤቱ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ከቦይለሩ ክፍል አቧራ የለበሱ ሌሎች ሁለት አወጣና ጠረጋቸው። ጠረጴዛውን ከሶፋው አራቀ፤ ሰው ሲረዳ ራሱን የሚመታበት ነገር አጠገቡ መኖር የለበትም፤ ይህንንም ያስተማረው እሱ ነው። በሩን ከቁልፉ ከፍቶ ገርበብ አደረገው። ተቀመጠና ጠበቀ። እንግዳ የናፈቀ ሰው ነበር፤ ዛሬ ይመጡለታል።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የጎን ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ቴዎፍሎስ ነጠላውን አደግድጎ ገባ፤ ቅድስት ጥቁር ለብሳ ከኋላው፣ ከዚያ ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሰዎች። ገረመው ተነሣና ማለት ያለበትን አለ።

«እንዴ! ምነው በደህና?»

«በደህና ነው ጋሼ፤ ቁጭ ይበሉ» አለ ቴዎፍሎስ። በቀኙ ተቀመጠ፤ ቅድስት በግራው። «ጋሽ ወልዴ ሐሙስ ዕለት ትንሽ አሟቸው ነበር...»

ከሕመም መጀመር፣ ቀስ እያሉ መውረድ፣ ክንዱን ሳይሰማው መያዝ። ቴዎፍሎስ አንድም አላጎደለም። ገረመው በየቦታው «እህ» እያለ ረዳው። ቃሉ ሲደርስ እንዴት እንደሚያለቅስ ሲጠብቃቸው አስቦበት ነበር፤ ወንድሜ ሊል፣ ጓዴ ሊል፣ ሰው በሚያውቀው ስም ሊያነሣው። «...እግዚአብሔር የወደደው ሆነ» ሲባል ግን ያሰበው ሁሉ ጠፋበት።

«አባ ቦራ!» ብሎ ጮኸ። «አባ ቦራዬ! ገባልህ እኮ! ገባልህ እኮ አባ ቦራ!»

ተረባርበው ያዙት። ቅድስት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች በገረመው ጀርባ በኩል ወደ ቴዎፍሎስ ጠጋ አለች።

«አባ ቦራ ማነው?» አለችው በሹክሹክታ።

ቴዎፍሎስ አላውቅም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱን የማኅበር ሰዎች አያቸው፤ እነሱም አያውቁም ነበር።