የሦስት ጣሳ ወተት ዋጋ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ፣ ኩዌት፣ ሚሽሪፍ ሰፈር በሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት፣ የዱቄት ወተት በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት አምስት ዲናር ከሁለት መቶ ሃምሳ ፊልስ ይል ነበር። እማዋይሽ ከወረቀቱ በላይ ካለው ረድፍ አንዱን ትልቅ ጣሳ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ፣ ጣሳውንና ወረቀቱን አንድ ላይ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ስልኳ 4:07 ይላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፎቶውን አባሲያ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት ለምትሠራው ጓደኛዋ ለቤዛዊት ላከችላት። ቤዛዊት «እሱ ነው፣ ያዢው» ብላ መለሰች። እማዋይሽም ሦስት ጣሳ ጋሪዋ ውስጥ አስገብታ ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄደች።

ፎቶ የመላኩን ነገር የጀመረችው በመጀመሪያው ወር ነው። ያኔ በዱቄት ወተት ፋንታ ሻይ ላይ የሚጨመር የክሬም ዱቄት ይዛ ገብታ፣ አሠሪዋ ማዳም ሃጀር ቀኑን ሙሉ ሳታናግራት ዋለች። አረብኛውን በጆሮዋ ትለቅመው ነበር እንጂ ፊደሉን አታውቀውም። ከዚያ ወዲህ ቤዛዊት አንብባ «ያዢው» ሳትላት ከመደርደሪያ የምታነሳው ነገር የለም።

ሌላም ልማድ ነበራት። ማዳም ገንዘቡን በፖስታ ትሰጣታለች፤ እሷም ፖስታውን ለገንዘብ ተቀባዩ ትዘረጋለች፤ እሱ መልሱንና እዚህ አገር ፋቱራ የሚሉትን ደረሰኝ እዚያው ይከትላታል። የሰው ገንዘብ ስትቆጥር መታየት ያሳፍራታል። ያን ዕለትም ሃያ አምስት ዲናር ሰጥታ፣ መልሱን ሳታይ ፖስታውን አጥፋ ወጣች። በር ላይ የቤቱ ሾፌር ደመቀ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል።

ማዳም ፖስታውን የከፈተችው ከምሳ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዲናር ከሁለት መቶ ሃምሳ መልስ ጠብቃ አራት ዲናር ከአራት መቶ ሃምሳ አገኘች። ደረሰኙ እያንዳንዱ ጣሳ በስድስት ዲናር ከስምንት መቶ ሃምሳ እንደተሸጠ ይናገራል። ማዳም የሱፐርማርኬቱን የቅናሽ ማስታወቂያ ስልኳ ላይ አውጥታ አሳየቻት፤ አምስት ዲናር ከሁለት መቶ ሃምሳ። አልጮኸችም። ከእማዋይሽ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሌላ ገዢ ጋሪ ውስጥ ጥሎት የሄደውን ደረሰኝ እያነሳች፣ በርካሽ የገዛችውን በውድ የገዛች አስመስላ ልዩነቱን ታስቀር ነበር። ማዳም ይህን የደረሰችበት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ዋስትናው አልፎ ነበር።

ዋስትና የሚባለውን በየቤቱ ያለች ሠራተኛ ሁሉ ታውቀዋለች። ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ፣ መክተብ የሚሉት፣ ለአሠሪ የስድስት ወር ጊዜ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪዋ ካልወደደቻት መልሳ ገንዘቧን ትወስዳለች። እማዋይሽ ማዳም ሃጀር ቤት ከገባች ያን ዕለት አምስት ወር ከሃያ ቀኗ ነበር። አሥር ቀን ቀርቷታል።

«ይህ ፋቱራ ያንቺ አይደለም» አለች ማዳም። «ያንቺ ነው ካልሽ፣ ከሱፐርማርኬቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪልኝ። ሐሙስ እስከ ቀትር ካላመጣሽ ደመቀ መክተብ ያደርስሻል።»

እማዋይሽ ደረሰኙን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ሳህን አጠበች። ወደ መክተብ መመለስ ብቻ ቢሆን ሌላ ቤት ይገኝ ይሆናል። ሌባ ተብላ የተመለሰችን ግን የሚወስዳት የለም፤ ወደ አገር ቤት ትሸኛለች። ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ያለችው ልጇ ሶሊያና ትምህርት ቤት የምትከፍለው፣ እናትየውም የቤት ኪራይ የምትከፍለው ከዚህ ቤት በሚላክ ገንዘብ ነው። ሌላ ምንጭ እንደሌለ በልቧ አገላብጣ አየች። አልነበረም።

ማታ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ለደመቀ ነገረችው። ደመቀ የጎንደር ሰው ነው፤ ኩዌት አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ አረብኛውን ያነባል። ሰምቶ ሲጨርስ፣ እዚያ ሱፐርማርኬት አቤቱታ በሚቀበሉበት መስኮት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቶ እንደነበር ነገራት። የመደርደሪያው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ ከተለያዩ ገዢው ባነሰው የመክፈል መብት አለው፤ ደረሰኝና ማስረጃ ይዞ ይምጣ ይላል።

«ማስረጃ ደግሞ ፎቶው አለሽ» አለ። «ሰው ፎቶ የሚነሳው ለልደት ነው፤ አንቺ ከወተት ጋር ተነሳሽ። ይኸው ጠቀመሽ።»

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ሱፐርማርኬቱ ደረሰች። ደመቀ ማቆሚያ ቦታ ስላጣ መኪናው ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ መደርደሪያውን አየች፤ ቢጫው ወረቀት ተነስቶ ነጭ ተተክቷል፤ ስድስት ዲናር ከስምንት መቶ ሃምሳ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን፣ ሙሐሲን የሚባለውን ግብፃዊ፣ በመስኮቱ በኩል አገኘችው። ባላት አረብኛ አስረዳችው። ሰውየው ትሑት ነበር። ደረሰኙን አየ፤ ማክሰኞ 10:14 የተቆረጠ ነው። ቅናሹ ሰኞ ማታ አብቅቷል አላት። ወረቀቱ ሳይነሳ ቆይቶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ልዩነቱን ይመልሳል። ፎቶውን ጠየቃት።

ስልኳን ሰጠችው። ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚያሳየውን ከፍቶ አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ወደ እሷ አዞረና ቁጥሩን በጣቱ ነካው። ማክሰኞ፣ 4:07፣ ከንጋት በፊት። ሱፐርማርኬቱ የሚከፈተው ጠዋት 7:00 ላይ ነው አላት። በዚያ ሰዓት እዚህ ውስጥ ፎቶ ያነሳ ሰው የለም።

እማዋይሽ ነገሩ አልገባትም። አራት ሰዓት ላይ እንዳነሳችው ደጋግማ ነገረችው፤ በነገረችው ቁጥር ራሷን የባሰ እንደምታስወቅስ አላወቀችም። ሙሐሲን ስልኩን መልሶ ከኋላዋ ያለውን ሰው ጠራ።

መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ደመቀ ምን እንዳሉሽ ንገሪኝ ሲላት፣ ዓይኗ ፊት ለፊት ያለው የመኪናው ሰዓት ላይ ነበር። 9:24 ይላል። ስልኳን አየች። 3:24 ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ጋሽ ደመቀ፣ የስልኬን ሰዓት ምን አድርገኸው ነበር?»

ደመቀ እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። እማዋይሽ እንደመጣች የማዳምን እናት መድኃኒት ሰዓት ታምታታ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሏት በአበሻው ሁለት እየሰጠች ሁለቴ ተሳሳተች። የዚያን ጊዜ ደመቀ የመድኃኒቱን ሰዓቶች ወደ አበሻው ለውጦ ነገራት፤ ስልኳም በአበሻ ሰዓት እንዲቆጥር አደረገላት። ሰዓቱን ብቻ ወደ ኋላ ቢመልሰው ዋትስአፑ አልሠራም ስላለ፣ ከኩዌት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የምትቀረውን አርጀንቲናን መረጠላት። አርጀንቲና እያደርሽ ሚሽሪፍ ትሠሪያለሽ እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን አልቀለደም። መኪናውን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ አቆመና አብሯት ገባ።

ለሙሐሲን የአበሻን ሰዓት አቆጣጠር አስረዳው፤ ቀኑ ሲነጋ ከአንድ እንደሚጀምር፣ አራት ማለት አሥር ማለት እንደሆነ። ሊያሳምነው ብሎም ስልኩን እዚያው ፊቱ ወደ ኩዌት ሰዓት መለሰው። ለቤዛዊት የተላከው ፎቶ ሥር ያለው 4:08 ወዲያው 10:08 ሆነ።

ሙሐሲን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አየህ» አለው፤ «ይህ ስልክ የጠየቅኸውን ሰዓት ይነግርሃል። እኔ በዚህ ላይ ማኅተም አላደርግም። የተላከላት ሴት ስልክ ምን ይላል?»

እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ቶሎ ብላ ሰዓቱን አየች። ቤዛዊት ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ በዚያ ቤት ስም ነበር፤ አሁን ጊዜው አልፏል። ፖሊስ አስቁሞ ስልኳን ቢያይ የማንም ስም እንዳይገኝባት፣ መልእክቶቿ ሁሉ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ራሳቸው እንዲጠፉ አድርጋለች። ፎቶው የተላከው ትናንት አራት ሰዓት ከስምንት ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል።

ደወለች። አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ረቡዕ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ይሞላል፤ ቤዛዊት እጇ ቀለም ውስጥ ከሆነ ስልክ አትነካም። ድምፅ ቀርጻ ላከችላት፤ የተሰማ ምልክት አላሳየም። መስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ገዢዎች ጋሪያቸውን እየገፉ ፊቷ ያልፋሉ። በሰባተኛው ጥሪ፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ፣ ቤዛዊት አነሳች።

«እሙዬ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«የትናንቱ የወተት ፎቶ አለ?»

ቤዛዊት ስልኳን ስትነካካ ተሰማ። «አለ።»

እማዋይሽ ባጭሩ ነገረቻት። ውይይቱን እንዳለ፣ ሰዓቱ እንዲታይ ፎቶ አድርጋ፣ ራሷ ለሱፐርማርኬቱ የአቤቱታ ቁጥር መላክ አለባት። ከሌላ ሰው ቢመጣ ሙሐሲን አይቀበልም።

ከቤዛዊት በስተኋላ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። «ቁጥሬ እነሱ ጋ ይገባል ማለት ነው?»

«ይገባል።»

«ከዚያስ ማን ያየዋል?»

እማዋይሽ ማንም አያየውም ልትላት ትችል ነበር። «አላውቅም ቤዚ» አለቻት።

«ሶሊያና ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

«ሦስተኛ።»

ስልኩ ተዘጋ። እማዋይሽ ቁጥሯን መልሳ አልደወለችም፤ ምን ብላ ትለምናታለች። ደመቀ መሬት መሬት ያያል። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ፣ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ሙሐሲን ምስሉን አተኩሮ አየው። ትናንት፣ 10:08፣ ጣሳውና ቢጫው ወረቀት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ። በገንዘብ መቀበያው ዋጋው የተለወጠው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ወረቀቱን የቀየረው ሠራተኛ የፈረመው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። በመሃል ሦስት ሰዓት ተኩል አለ፤ ፎቶውም ደረሰኙም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። በዚያ ጊዜ አርባ አንድ ጣሳ ተሸጧል አለው ለደመቀ፤ ሊጠይቅ የመጣው ግን የእነዚህ የሦስቱ ባለቤት ብቻ ነው። አራት ዲናር ከስምንት መቶ ፊልስ ቆጥሮ አስቀመጠ። ደረሰኙ የእሷ እንደሆነ፣ ስህተቱም የሱፐርማርኬቱ እንደሆነ በአረብኛ ጽፎ ማኅተም መታበት። ማስረጃውን አትሞ አያያዘላት።

ማዳም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ገንዘቡን ፖስታው ውስጥ ከተተች። እማዋይሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ማዳም ግን ወረቀቱን አላስቀመጠችም፤ የታተመውን ምስል ወደ ዓይኗ አቀረበች። ከወተቱ ፎቶ በላይ፣ ግማሹ የተቆረጠ ሌላ ፎቶ ይታያል። ማክሰኞ ከአራት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከቤት ልትወጣ ስትል የላከችው ነው። የሚታየው የማዳም እናት የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከኋላውም አሮጊቷ የተኙበት አልጋ ጫፍ ነበር። እማዋይሽ መጠኑን እንድታነብላት ለቤዛዊት ልካው ነበር።

«ሌባ አይደለሽም» አለች ማዳም። «የእናቴ መኝታ ቤት ግን አባሲያ ምን ይሠራል?»

እማዋይሽ አረብኛ ማንበብ እንደማትችል፣ መድኃኒት እንዳትሳሳት ብላ እንዳደረገችው ተናገረች። እውነቱን ስለሆነ አንድም ቃል አልተደነቃቀፈችም። ማዳም አዳመጠቻት። እጇን ዘረጋችና ጠበቀች፤ እማዋይሽ ስልኩን መዳፏ ላይ አኖረችላት።

ሐሙስ መክተብ አልሄደችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሱፐርማርኬት የሚሄደው ደመቀ ብቻውን ሆነ፤ የመድኃኒቱንም መጠን ማዳም ራሷ በቁጥር እየጻፈች ጠርሙሱ ላይ ትለጥፋለች።

በተከታዩ ሳምንት ዓርብ ስድስት ወሩ ሞላ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ማዳም ስልኩን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠቻት፤ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ከዚህ በኋላም በየዓርቡ እንዲሁ ነው። ስልኩ 4:00 ይላል፤ አሁን የሚቆጥረው በኩዌት ነው። ለቤዛዊት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አልነበረም። ከሶሊያና ጋር ሃያ ሁለት ደቂቃ አወራች። 5:00 ሲል ስልኩን መለሰች።