የማዶ ካርድ

አሰገደች ያቺን የክሊኒክ ካርድ የደበቀችው ለክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ብልጥ የሆነች መስሏት ነው። ምራቷ ሚሚ ከኢትዮጵያ በኩል የመጣች፣ ኪታምቡሊሾ የሚሉት የኬንያ መታወቂያ የሌላት ልጅ ናት። በዚህኛው፣ በኬንያው ሞያሌ ወሊድ በመንግሥት ሆስፒታል ነፃ ከሆነ ወዲህ ደግሞ «የማዶ ወረቀት ያዩባትን ይመልሷታል» የሚል ወሬ ገበያውን ሞልቶታል። ማን መለሰ? ማንን? ስም ጠርቶ የሚናገር አንድ ሰው የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ምግብ ቤት ስታስተዳድር ፖሊሱንም ቀረጥ ሰብሳቢውንም በምላሷ የረታች ሴት፣ ወሬ ረታት።

ሚሚ በአምስተኛ ወሯ ማዶ ተሻግራ አልትራሳውንድ ተነስታ ነበር። ስትመለስ የሰጧትን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ «ደህና ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ግን በበላች ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል፤ ልጁ ሲላወስ ታቃስታለች። አሰገደች «የበኩር ልጅ እንዲህ ነው፣ አይዞሽ» እያለች ሆዷን በቅቤ አሸችላት። በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ሚሚ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ አሰገደች ካርዱን ከምራቷ ቦርሳ አውጥታ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። «የማዶውን ነገር እንዳታነሺ!» አለቻት። ሚሚ በሕመሟ መሀል በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሙ ሁቃ የሞያሌ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከጎረቤት ነው። «ከዚህ በፊት አልትራሳውንድ ተነስታለች?» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች አሰገደች፣ ሚሚ አፏን ሳትከፍት።

ሐኪሙ ልጁ የተጋደመ መስሎት ለተለመደው የማዋለጃ ቀዶ ጥገና እንድትዘጋጅ አዘዘ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። «እናቴ፣ የልጁ እጅና እግር ከቆዳዋ ሥር ያለ ይመስል በእጄ ይዳሰሰኛል። አልወደድኩትም። እርግጠኛ ነዎት ሌላ ምርመራ የለም?»

አሰገደች ካርዱን ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው፤ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ምን እንደተጻፈበት አታውቅም።

ሁቃ አንብቦ ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «ማህፀኗ ባዶ ነው፣ ፅንሱ ሆድ ዕቃዋ ውስጥ ነው፣ በአስቸኳይ ትልቅ ሆስፒታል ትሂድ ይላል እኮ! ይህን ሳላውቅ ብከፍታት ደሟ እጄ ላይ ባለቀ ነበር።»

ወዲያው አንጋፋውን ቀዶ ሐኪም አስጠራ፤ ደም የሚሰጥ ሰው ፈልጉ አለ። አሰገደች ምግብ ቤቷ የሚበሉትን ሾፌሮች አንድ በአንድ ደውላ ለመነች። አራቱ መጡ።

ከሰዓት በኋላ ሁቃ ወጣ። ልጁ አልተረፈም፤ ሚሚ ግን ተርፋለች። «የእንግዴ ልጁ አንጀቷ ላይ ተጣብቆ ስላገኘነው አልነካነውም፤ ብንነቅለው ደሟን ማቆም አይቻልም ነበር። ከወራት በኋላ ሰውነቷ ራሱ ያጠፋዋል። እስከዚያ ግን ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከተሰማት አንድ ቀን እንዳታድር፣ ይዘዋት ይምጡ።»

አሰገደች «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። የልጄን ሚስት በገዛ እጄ ልቀብራት ነበር! ሆዷን ያሸሁት እኔ፣ ካርዱን የደበቅሁት እኔ!

በሦስተኛው ቀን ሚሚ ቀና ብላ ስትቀመጥ፣ አሰገደች አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ያ ካርድ እንዲያ ማለቱን ባውቅ ኖሮ…»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሚሚ።

«ምን?»

«የማዶው ሐኪም ነግሮኝ ነበር። ልጁ አይተርፍም፣ ቶሎ ታከሚ ብሎኝ ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሚሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ለሰው ሁሉ የልጅ ልጅ መጣልኝ ይሉ ነበራ። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

አሰገደች የተንበረከከችው ለአንድ ቀን ጥፋት ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ግን ቤቷ ከገባች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራት ኖራለች።