ዘጠኝ ጊዜ ኖ

ዳኑታ ስልኩን ዘግታ ከበረንዳው ስትገባ ሲኞራ ኤርሲሊያ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመው አገኘቻቸው። ሲኞራ ኤርሲሊያ ያለ ሰው ድጋፍ ከቆሙ ሰባት ወር አልፏቸው ነበር።

«ሁሉንም ሰማሁ» አሉና የዳኑታን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሙት። ዳኑታ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ሦስት የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ስለነበር መልሳ ልታቅፋቸው አልቻለችም።

«ሰሙ?» አለች።

«ሰማሁ እንጂ! እግዜር ይስጥሽ ልጄ። በጋውን ሙሉ ይሄንን ነው ስጸልይ የከረምኩት።»

ዳኑታ መቆንጠጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የደወለችው ከፖላንድ ልጇ ኪንጋ ናት። ኪንጋ መንታ አርግዛለች። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን የሚያሳልፈው ጀርመን መንገድ ላይ ነው። በመስከረም ጠቅልለሽ ትመጪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ዳኑታም እመጣለሁ አለቻት። ጥያቄው እንደማይቀር ስለምታውቅ፣ ለሲኞራ ኤርሲሊያ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው ስታስብ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ ራሳቸው ሰምተው፣ በደስታ ተነስተው ስመዋታል። ስድስት ዓመት አብራቸው ለኖረች ሰው ደስታው ትንሽ በዛ። ቢያንስ ትንሽ ሊያለቅሱ ይችሉ ነበር ብላ አሰበች።

«አልከፋዎትም?»

«ለምን ይከፋኛል? እንዲያውም ዛሬ ፓስታውን በሥጋ አድርጊው።»

ዳኑታ በሥጋ አደረገችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኞራ ኤርሲሊያ የዳኑታን ቋንቋ አይችሉም። ስሙንም አስተካክለው አይጠሩትም፤ «የዚያ አገር ንግግር» ነው የሚሉት። በበረንዳው በር በኩል ከሰሙት ሁሉ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም ኖ ነው። ኪንጋ መንታ ማርገዟን ግን ስለሚያውቁ፣ ጥያቄው ምን እንደሚሆን አላጡትም። በቤኔቬንቶ ከተማ፣ በመላው ጣልያንም፣ ኖ ማለት አይ ነው። ዳኑታ አገር ግን ኖ ማለት አዎ ነው። ያውም በቢሮ ወይም በቤተ ክርስቲያን የሚባለው አዎ ሳይሆን፣ ሰው ወጥ እያማሰለ ለገዛ ልጁ የሚለው አዎ። እንደ ድምፁ አወጣጥ እሺም፣ ታዲያስም፣ በይ ቀጥዪም ይሆናል። ዳኑታ ጣልያን አገር አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር በጣልያንኛ ተናግራ ሁለቱን ቃላት አምታታ አታውቅም። ከኪንጋ ጋር ስታወራ ግን አፏ አገሩ ይገባል፤ መግባቱንም ልብ አትለውም።

«ትመጪያለሽ?» ስትላት ኖ ብላለች። «ለዘለቄታው?» ስትላት ኖ። «የታችኛውን ክፍል ላስቀባልሽ?» ኖ። «ለአኒያ አያትሽ ልትመጣ ነው ልበላት?» ኖ፣ ኖ።

ይህ ሁሉ የሆነው ማክሰኞ ዕለት ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት የተደሰቱ ሴቶች ኖሩ። ዳኑታ ረቡዕ ከስታዲየሙ አጠገብ በየእሁዱ ወደ ፖላንድ ለሚነሣው ሚኒባስ ደውላ፣ ለመስከረም ሁለተኛው እሁድ በመስኮት በኩል መቀመጫ አስያዘች። ሲኞራ ኤርሲሊያ ሐሙስ ዕለት በር ዘግተው ስልክ ደወሉ፤ ለማን እንደደወሉ አልተናገሩም፤ ዳኑታም አልጠየቀችም። ዓርብ ምሳ ላይ ሲኞራ ኤርሲሊያ ሹካቸውን አስቀምጠው፦

«ለገና ትልቁን ዓሣ እንገዛለን። ያንቺን አገር የቀይ ሥር ሾርባም ትሠሪያለሽ፤ ዘንድሮ አልነቅፈውም» አሉ።

ዳኑታ ቀና ብላ አየቻቸው። ሐኪሙ ባለፈው ጸደይ፣ መርሳት ሊጀምራቸው ስለሚችል አትደናገጪ፣ አትከራከሪያቸው ብሏት ነበር።

«እናያለን» አለች።

ይህ የተለመደ መልሷ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ዳኑታ ለሲኞራ ኤርሲሊያ አንድም ቀን አይ ብላ አታውቅም። ዶክተሩ የከለከላቸውን ጨው ሲጠይቁ እናያለን ትላለች። በነሐሴ ፀሐይ መቃብር እንሂድ ሲሉም እናያለን ትላለች። ሲኞራ ኤርሲሊያ በበኩላቸው ይህን ቃል ሁልጊዜ እንደ እሺ ይቆጥሩታል። እስካሁን በዚህ ምክንያት የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ዶና ቲቲና አንድ ሣጥን የለውዝ ጣፋጭ ይዘው መጡ። ዶና ቲቲና ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከሲኞራ ኤርሲሊያ ጋር አርባ ዓመት ተጎራብተዋል፤ ከዚያ ውስጥ በመልካም የተነጋገሩበት ጊዜ ቢደመር አራት ዓመት አይሞላም።

«ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ።

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት። ከሞትሽ በኋላ እንኳ አመሰግንሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።»

«ጣፋጩን እዚያ አስቀምጪው። ጥርስ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ ለዚህ ነው ይሄንን የመረጥሽው።»

«ዳኑታ ትብላው። ለማንኛውም ትናንት ሄጄ አየሁት። አልጋው ጥሩ ነው። መስኮቱ ተራራውን ያሳያል። ሲስተር ፕላቺዳ፣ ሲኞራ ኤርሲሊያ ባይተዉት ይሄንን ቦታ በሁለት ዓመትም አታገኚውም ነበር አለችኝ።»

ዳኑታ የቡና ጀበናውን ከእሳት ልታወርድ ነበር፤ አላወረደችውም።

ከከተማው በላይ መነኩሲቷ ሲስተር ፕላቺዳ የምታስተዳድረው የአረጋውያን ቤት አለ። የሲኞራ ኤርሲሊያ ልጅ ራፋኤሌ የእናቱን ስም እዚያ ካስመዘገበ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሰኔ ተራቸው ደረሰ። ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ዳኑታ ከሄደች እገባለሁ፣ ካልሄደች በሬሣ ሣጥን ነው ከዚህ ቤት የምወጣው ብለው መልሱን አቆዩት። የተሰጣቸው ቀን ያለቀው ዓርብ ነው።

«የትኛውን ቦታ ነው የተዉት?» አለች ዳኑታ።

«የኔን ነዋ» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ። «አንቺ ከኔ ጋር ስለምትቀሪ።»

«ማን ነው የሚቀረው?»

«አንቺ ነሽ! ልጅሽ ነይ ስትልሽ እምቢ አላልሻትም? በጆሮዬ ሰማሁ እኮ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ዘጠኝ ጊዜ ነው ያልሽው። ቆጥሬዋለሁ።»

ጀበናው ገነፈለ። ዳኑታ እሳቱን አጥፍታ ምድጃውን በጨርቅ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር ካለቀ በኋላም ትንሽ ጠረገች።

«ሲኞራ፣ በኛ ቋንቋ ኖ ማለት አዎ ነው» አለች።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ዶና ቲቲናን አዩዋቸው። ባሎቻቸው ከሞቱ ጊዜ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ተስማምተው ተያይተው አያውቁም።

«ምን ዓይነት ሕዝብ ነው አዎ ለማለት አይ የሚለው?»

«አይ አንልም። ኖ ነው የምንለው።»

«ኖማ አይ ነው!»

«እዚህ ነው።»

«ታዲያ አይ ስትሉ ምንድን ነው የምትሉት?»

«ኒዬ።»

«ኒዬ» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ፤ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እንደማያውቁት ምግብ አገላበጡት። «ይሄ ቃል አይደለም። ድመት ሲረገጥ የሚያወጣው ድምፅ ነው።»

«ሊሆን ይችላል እኮ» አሉ ዶና ቲቲና፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ወንድሜ ሚኬሌ መርከብ ላይ ሲሠራ ግሪክ አገር አንዲት ልጅ አገኘ። አንድ ወር ተዋደዱ። ታገቢኛለሽ አላት፤ ኔ አለችው። አይ ያለችው መስሎት አልቅሶ መርከቡ ላይ ወጣ። ጄኖቫ ሲደርስ ነው ኔ ማለት አዎ መሆኑን አንድ የመርከብ ወጥ ቤት የነገረው።»

«ተመለሰላት?» አለች ዳኑታ።

«የት ይመለሳል? መርከቡ ወደ ብራዚል ነው የሄደው።»

«ሚኬሌ ከመጀመሪያውም ደደብ ነበር» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ። ከዚያ ወደ ዳኑታ ዞሩ። «አላምንሽም። አሁን ሐሳብሽን ቀይረሽ ነው። ልጅሽን ደውዪላት። እኔ ራሴ እጠይቃታለሁ።»

ኪንጋ ተማሪ ሳለች ሁለት በጋ ጣልያን መጥታ ቲማቲም ለቅማለች፤ ጥያቄ ብትጠየቅ ይገባታል፤ መልስ መስጠቱ ላይ ግን ደካማ ናት። ዳኑታ ደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ደንቆሮ እንደሚያናግሩ እየጮሁ፦

«ኪንጋ! እናትሽ! ወደ አንቺ! ትመጣለች?» አሉ።

«ኖ!» አለች ኪንጋ በደስታ።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ቀና አሉ። «ይኸው።»

«አዎ ማለቷ ነው» አለች ዳኑታ።

«ኖ፣ ኖ» አለች ኪንጋ ከስልኩ ውስጥ፣ እናቷን ልትደግፍ ብላ።

«ይኸው ደገመችው!»

ዶና ቲቲና መሳቅ ጀምረው ነበር፤ የሲኞራ ኤርሲሊያን ፊት ሲያዩ አቆሙ። ዳኑታ ስልኩን አንስታ በኋላ እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋችው።

«ቲቲና» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፈርመሻል?»

«ትናንት ከሰዓት ፈረምኩ። ልጆቼ ቤቴን ለተማሪዎች አከራይተውታል፤ ሰኞ ይገባሉ። ኤርሲሊያ፣ ባውቅ ኖሮ...»

«ብታውቂም ትፈርሚ ነበር።»

«አዎ» አሉ ዶና ቲቲና ትንሽ አስበው። «እፈርም ነበር።» ከዚያ ተነስተው ጣፋጩን ትተው ወረዱ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ዳኑታ ቡናውን ቀድታ አስቀመጠችላቸው። ሲኞራ ኤርሲሊያ አልነኩትም። ከታች መንገድ ላይ አንድ ሰው መኪናው መንገድ ስለተዘጋበት ጥሩምባ ይነፋ ነበር።

«ራፋኤሌ ቦሎኛ ነው ያለው» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሚስቱ አትወደኝም፤ እኔም አልወዳትም። ከገባሁ አልወጣም፤ ከመስኮት ሰው እያየሁ ነው የምኖረው። ይሄን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ያንቺን አገር ቃል ተዪው። እኔ በኔ ቋንቋ ልጠይቅሽ ነው፤ አንቺም በኔ ቋንቋ መልሺልኝ። ሌላ አልጋ እስኪገኝ፣ አንድ ዓመትም ይሁን ሁለት፣ ከኔ ጋር ትቀሪያለሽ?»

እናያለን የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ቢባል ምንም አያስቸግርም። ሲኞራ ኤርሲሊያ እሺ ማለት ነው ብለው ይወስዱትና ቡናቸውን ይጠጣሉ። መስከረም ሲደርስ ኪንጋ ትደውላለች፤ ለእሷም እናያለን ይባላል። ዳኑታ ይህንን መንገድ ታውቀዋለች። ኪንጋ ስታገባም ስትወልድም ያላየቻት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያዋን የልጅ ልጇን አኒያን ለረጅም ጊዜ በስልክ ብቻ ነበር የምታያት፤ አኒያ እስከ ሦስት ዓመቷ ድረስ አያት ማለት ስልኩ ራሱ ይመስላት ነበር። ሌላ ሰው ስልኩን ሲያነሣ፣ አያቴን ስጪኝ ብላ ታለቅስ ነበር።

ዳኑታ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ኖ» አለች።

ሲኞራ ኤርሲሊያ የቡናውን ስኒ ገፋ አደረጉት።

«ይሄኛው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ሲኞራ።»

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም።»

ሲኞራ ኤርሲሊያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡናውን አነሡ፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም ጠጡት። ሲጨርሱ ስኒውን ገለበጥ አድርገው ሳህኑ ላይ ደፉት፤ ይህን ሲያደርጉ ዳኑታ አይታቸው አታውቅም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «አይ ማለት ትችያለሽ ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ጨው ስጠይቅሽም እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ እኮ ደህና ነበር።»

«አዎ፣ ደህና ነበር።»

«በይ ራፋኤሌን ደውዪልኝ። መጀመሪያ አንቺ አናግሪው፤ እኔ ከጀመርኩት እጮህበታለሁ።»

ዳኑታ ደወለች። ራፋኤሌ በመጀመሪያ ሚስቴን ልጠይቅ አለ፤ ቀጥሎ እናቱ ከኋላ ሲጮሁ ሰምቶ እሺ አለ።

በመስከረም ሁለተኛው እሁድ ጠዋት ራፋኤሌ መኪናውን በሩ ላይ አቆመ። እሱና ዳኑታ ሲኞራ ኤርሲሊያን በሁለት በኩል ደግፈው ደረጃውን አወረዷቸው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። መኪናው ወደ ቦሎኛ ከሄደ በኋላ ዳኑታ ወደ ላይ ተመልሳ ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቶቹን ቆለፈች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ስታዲየሙ ሄደች። ሚኒባሱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ።