ጥሩምባውን የወለወልኩበት ሎሚ

በርናባስ ሲደውል አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ እያየሁ ነበር። በርናባስ የእድራችን አዲሱ ጸሐፊ ነው። ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን ሪፖርት የሚያነብ ይመስላል።

«ጋሽ አካሉ፣ እድራችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ለበዓሉ ጥሩምባውን ወልውለው ያምጡልን።»

ልቤ ዘለለ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እዚያ የካ ተራራ ሥር፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ሌሊት ተነስቼ፣ በየመንደሩ እየዞርኩ ነፍቼ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የምለፍፈው እኔ ነኝ።

«መቼ ላይ ነው የምነፋው?» አልኩት።

«አይ፣ አይነፋም። ጠረጴዛ ላይ ለእይታ ነው የሚቀመጠው። አሁን እኮ ሁሉንም ነገር በቴሌግራም ነው የምንለቀው።»

የእኔ ስልክ ተራ ናት፤ ከመደወል በቀር ሌላ አታውቅም። ተናድጄ ጆሮው ላይ ልዘጋበት ነበር። ግን አንድ ሰው ትዝ አለችኝና «እሺ» አልኩት።

ትዝ ያለችኝ የማርያምወርቅ የምትባል የዱሮ ጎረቤቴ ናት። ግቢዋ ውስጥ የሎሚ ዛፍ አላት። ዱሮ ጥሩምባው አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ሳማርር፣ ሎሚ ለሁለት ቆርጣ፣ ጨው ነስንሳበት፣ «በዚህ እሸው» ያለችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እወለውላለሁ። እሷም ከጎኔ ሆና «ለእኔ ስትነፋ ወልውለህ ንፋ፤ በዛገ ጥሩምባ እንዳትሸኘኝ» ትለኛለች። ወድጃት ነበር። ሳላገባ የቀረሁበትን ምክንያት ሰፈሩ እንደየፍላጎቱ ያወራ ነበር፤ እውነቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሷም ቢሆን።

ሰፈራችን ከፊሉ ሲፈርስ እኔ አያት ደረሰኝ፤ የእሷ ቤት እዚያው ቀረ። እግሬን ከታመምኩ ወዲህ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ብቅ አላልኩም።

ሎሚማ ሾላ ገበያ ሞልቷል። እኔ የፈለግኩት ሰበብ ነው። በማግስቱ ጥሩምባውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በባቡር እስከ መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ፣ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ጢሜን ተላጭቻለሁ። ሸሚዜንም ተኩሻለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጇ ሰገነት ናት። ጥቁር ለብሳለች።

«ጋሽ አካሉ! እኛማ ምነው ቀሩብን እያልን...» ፊቴን አየችና ንግግሯን አቋረጠች። «አልሰሙም እንዴ? እማዬ እኮ ካረፈች ሁለት ወሯ። በርናባስ ለእድርተኛው በሙሉ በቴሌግራም አስተላልፎ ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ሞት የለፈፍኩ ሰው የእሷን ሳልሰማ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ በልቼ እተኛ ነበር፤ ስሄድ ምን እንደምላት እያሰብኩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት ሰገነትን። ለእኔ ግን እንዲህ የሚለኝ አልነበረም። ምኗ ነኝና።

«ይግቡ እንጂ» አለችኝ።

«ሎሚ ካለ ስጪኝ» አልኳት። «ጨውና አመድም።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ግማሹን ሎሚ ጨው ውስጥ እየነከርኩ የጥሩምባውን ሰፊ አፍ አሸሁ። አረንጓዴው በጣቶቼ መሀል ወረደ። ጨርቅ በሲባጎ አስሬ፣ ሎሚ አጠጥቼ፣ በውስጡ ሳብኩት፤ ጠቁሮ ወጣ። አጥቤ ደግሞ ሳብኩት። በላመ አመድ ፈተግኩት፣ አለቀለቅኩት፣ አደረቅኩት፣ ቫዝሊን በስሱ ቀባሁት። ጣቴ ላይ ያለውን ቁስል ሎሚው አቃጠለኝ፤ እንባዬንም በእሱ አሳበብኩ። የበርናባስን ጠረጴዛ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ተነሳሁና በጠራራ ፀሐይ ነፋሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በሦስተኛው ድምፁ መጣ።

«እድርተኞች! ወይዘሮ የማርያምወርቅ አርፈዋል!» አልኩ። የቀብሩ ሰዓት ላይ ስደርስ የምለው አጣሁ።

ማንም አልወጣም። ከማውቃቸው በሮች አብዛኞቹ የሉም። ቆይቶ ከፊት ለፊቱ አዲስ ፎቅ አንዲት ወጣት ጥላሸት የለበሰ የአሉሚኒየም ድስት አንጠልጥላ መጣች።

«አባባ፣ ቆራሌው እርስዎ ነዎት? ይሄን ይወስዱታል?»

«ሲፈን፣ ኧረ እሳቸው ቆራሌው አይደሉም!» አለች ሰገነት ደንግጣ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሰማይ ምድሩን እቀላቅል ነበር። ያን ቀን ግን መቆጣትም አቃተኝ። ድስቱን ተቀበልኳት።

«ይሄማ አይጣልም» አልኳትና በተረፈው ሎሚና አመድ ቂጡን ፈተግኩት። ከጥላሸቱ ሥር ነጩ ብቅ አለ።

«ውይ! ማን አስተማረዎት?»

«የማርያምወርቅ። የዚህ ቤት እመቤት ነበረች። ሞተች።»

«እኔ ከገባሁ ገና ሳምንቴ ነው፣ አላውቃቸውም። መቼ ነው የሞቱት?»

«እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ምኗ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። የድስቱን ነገር ትታ፣ ጎንበስ ብላ፣ አመድ የለበሰ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ።»

«አሜን» አልኩ። እጄን እስክትለቀኝ ጠበቅኩና ድስቷን መፈተግ ቀጠልኩ።