ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው ፔሊካን

እሌኒ በደረቷ ተኝታ፣ ክርኖቿን እርጥብ ሣር ላይ ተክላ፣ ሌንሱን ወደ ሐይቁ ካነጣጠረች ሰዓት አልፏታል። ፔሊካኖቹ ግን የሉም። አምና ይህን ጊዜ ከዚሁ ቦታ ስታነሣቸው ሃያ ሠላሳ ሆነው እየተጋፉ፣ ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች የሚወረውሩትን ጭንቅላትና አንጀት ከረጢት በመሰለ መንቆራቸው እየቀለቡ ይውጡ ነበር።

ከጅማ መጥታ በአንድ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ሆና ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን ስብሰባ ታነሣለች፤ ቅዳሜ ግን የራሷ ነው። ዓባይ ማዶ ባጃጆች መካከል ቆሞ የሚያንቀላፋ አህያ፣ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሰፈረች ድመት፣ ከሰል ሻጭ ሴት ጥላ ሥር የተጠለለ ውሻ፤ እንዲህ ያለውን ስትለቅም ትውላለች። ዛሬ የመጣችው ለአንድ የፎቶ ዐውደ ርእይ የሚሆን ፈልጋ ነው። የማስገቢያው ጊዜ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል።

ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና ወደ ገድሉ ሄደች። ገድሉ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው የእንጨት ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ዓሣ ሲያጸዳ የኖረ ሰው ነው።

"ወፎቹ ምን ሆኑ?" አለችው።

"ምን ይሆናሉ፤ ሄዱ እንጂ።" ቢላዋውን በአምባዛው ሆድ ሰደደው። "ወደ ቁንዝላ በኩል አየኋቸው ያለ አለ።"

"ዓሣ ጠፍቶ ነው?"

"ዓሣውስ አለ። የጠፋው ጭንቅላቱ ነው።" በአገጩ ወደ ግራው አመለከታት። "ንጹሑን ሙዳ፣ ፊሌቶውን፣ ሆቴሎች ይወስዱታል። ድሮ ለወፍ የምጥለውን ደግሞ አሁን ሰው ይሰለፍበታል፤ ለሾርባ። ሥጋ በማን አቅም ይገዛል?"

እሌኒ ዞር ብላ አየች። ከዋርካው ሥር አሥር የሚያህሉ ሰዎች ፌስታል ይዘው ተሰልፈዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ልክ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው፣ አንድ ፔሊካን ቆሟል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል እሱም ፈቀቅ ይላል።

ትንፋሿን ውጣ ተንበረከከች። ወፉ አንገቱን ወደ ፊት ሲያሰግግ አነሣችው፤ ደገመች። ከዚያ ፎቶውን በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልታ፣ ከሰልፉ ራስ ጀምራ ወደ ኋላ መጣች። ከወፉ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀጥ አለ። ጋሼ ሣህሉ ናቸው። የመሥሪያ ቤቷ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ያለ ክራቫት ታይተው የማያውቁት ሰው፣ ዛሬ እጅጌው የሳሳ ሹራብ ለብሰዋል።

ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ያላየች ለመምሰል ጊዜው አልፎ ነበር።

"ነይ እንጂ፣ ምን ያርቅሻል?" አሉ ጋሼ ሣህሉ።

"ደኅና አደሩ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ወፍ ነው የምታነሺው? አራተኛ ቅዳሜው ነው። ባልንጀሮቹ ሲሄዱ እሱ ብቻ ለምን ቀረ እያልሁ ሳስብ እሰነብታለሁ። ክንፉን ልብ ብዬ አየሁት፤ ደኅና ነው። ከድርሻዬ አንድ ጭንቅላት እሰጠዋለሁ፤ ለዚያ ይሆን እንጃ።"

እሌኒ ካሜራውን አዞረችላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"ወፉ ግሩም ወጥቷል" አሉ በመጨረሻ።

"ዐውደ ርእይ ላይ ላስገባው ብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። ግን እርስዎን ቆርጬ ላወጣዎት እችላለሁ።"

ይህን ስትል እንኳ እንደማይሆን ታውቀዋለች። ከፊቱ ሰው ከሌለ ወፉ ዝም ብሎ የቆመ ወፍ ነው።

ጋሼ ሣህሉ መነጽራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ለቤተሰቤ፣ አጥማጅ ወዳጅ አለኝ፣ እሱ ነው የሚሰጠኝ ብያቸዋለሁ። እዚህ መቆሜን ሰው ቢያይ ቅር ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን እኔን ብቻ ለምን ትጠይቂኛለሽ? እነዚህስ?"

እሌኒ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። እሳቸውን ባታውቃቸው ኖሮ ይህን ጊዜ ፎቶውን ለመላክ ወደ ቤቷ እየገሠገሠች ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰል ሻጯን ጨምሮ ስንቱን ሰው አንሥታለች፤ ከመካከላቸው ፎቶውን ያሳየችው አንድም አልነበረም።

"አንዱ እንኳ እምቢ ካለ አልልከውም" አለች ቀስ ብላ።

"እነሱ እሺ ካሉ እኔም አለሁበት። ብቻ ቶሎ በይ፤ ተራው የደረሰው ይሄድብሻል።"

ሰልፉ ፈቀቅ አለ፤ ፔሊካኑም ተከተለ። እሌኒ ወደ ፊት አለፈች። ከሁሉ ቀድማ የቆመችው ሰማያዊ የፋብሪካ ጋዋን የለበሰች ሴት ነበረች፤ ካሜራውን ስታይ ፌስታሏን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

እሌኒ ማንገቻውን ከአንገቷ አወለቀች።

"ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ውስጥ አለሽበት" አለቻት፣ ካሜራውን በሁለት እጇ እያቀበለቻት። "እዪውና ንገሪኝ።"