የመጥረጊያው እንጨት

በያጁ ዞሮ ያሳረፈው ቡጢ ቀለም ቀቢውን ከነቆርቆሮው አንስቶ የብረት በሩ ላይ ለጠፈው። ከበሩ አረንጓዴ ቀለም ወረደ፤ ከቀቢው አፍንጫ ደግሞ ደም። የሰፈሩ ሰው ሲያወራው፣ ቀቢው ተስፈንጥሮ ሌላ ሰፈር ወድቆ በታክሲ ነው የተመለሰው። እውነቱን ለመናገር ከበሩ አላለፈም።

"ምን በደልኩህ?" አለ ቀቢው። "ሜትር አውሰኝ ልልህ ትከሻህን ብነካ!"

"ከኋላ አትንኩኝ አላልኩም?"

"ያንተ ትከሻ ፈንጂ ነው እንዴ?"

ነው እንጂ! ሌቦች ሱቁ ገብተው፣ ከኋላ አንቀው፣ በገዛ ብረቱ ጎኑን ከወቀጡት ወዲህ ትከሻውን የነካ ሁሉ ቡጢ ይቀምሳል። አማቱ እንኳ የምትቀሰቅሰው በሩ ላይ ቆማ በመጥረጊያ እንጨት እየጎነተለች ነው። ሚስቱ ግን ባለፈው ሳምንት ረስታ በእጇ ነካችው። አንድ ዓይኗ እስካሁን አብጦ እንደተዘጋ ነው።

"ከእንግዲህ አንድ ሰው ብትመታ ልጄን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ" ብላዋለች። ይኸው መታ።

ወሬው ቤት ሳይደርስ፣ ሚስቱ ሂድ እያለች ስትጨቀጭቀው ወደከረመችው ባለሙያ ሮጠ። ሴትዮዋ ድንጋጤና ጭንቀትን የምታክመው በሰውነት በኩል ነው።

"ያን ቀን የሆነውን ልንገርሽ?"

"አይ ወንድሜ፣ ለጊዜው አፍህ ይረፍ። ሰውነትህ ያን ቀን ምን ማድረግ ፈልጎ ነበር?"

በያጁ አሰበ። "ከላዬ ሊያሽቀነጥራቸው።"

"እንግዲያው የቀረውን አሁን ይጨርስ። ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉን በደንብ ርገጥና ግድግዳውን ግፋ። ቀስ ብለህ።"

ቀስ ማለት የት ያውቅና! የብረቱ ምት፣ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር የሰማው ድምፅ፣ ጆሮው ሥር የነበረው ትንፋሽ ሁሉ ተመልሶ መጣበት። እንደ በሬ አጓርቶ ገፋ። ግድግዳው ችፑድ ነበርና ተገነጠለ፤ በያጁም ከነግድግዳው ጎረቤት ጥርስ ሐኪም ቤት ገባ። አፉን ከፍቶ የተጋደመው ታካሚ "ድኛለሁ! ድኛለሁ!" እያለ በመስኮት ወጣ።

ባለሙያዋ ፍርስራሹ መሃል ፊት ለፊቱ ተቀመጠች እንጂ አልነካችውም። "ይንቀጥቀጥ፤ አታስቁመው።"

ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሆዱ እስኪታመም አለቀሰ።

"ዳንኩ?"

"ጀመርክ። በሚቀጥለው ግን የምትገፋው የግንቡን ነው።"

ቤት ሲደርስ ሻንጣው ተዘግቷል። ሚስቱ የልጃቸውን ጫማ ታስራለች፤ አማቱ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"የቀቢውን ሰማሁ" አለች ሚስቱ።

"መታሁት። እውነት ነው።" ጫማውን አወለቀ። ሁለት መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጀርባውን ሰጣት። "ንኪኝ። እጄ ከዚህ ከተነሳ ሂጂ፤ አልይዝሽም።"

"አንቺ ልጅ!" ጮኸች አማቱ። "የቀረውን ዓይንሽን ልታስፈስሺው ነው?"

ሚስቱ መጥረጊያውን ከእናቷ ተቀብላ በእንጨቱ ትከሻውን ጎነተለችው። መላ አካሉ ዘለለ፤ ጥርሱ ተፋጨ፤ ጥፍሩ የግድግዳውን ልስን ፋቀው። መዳፎቹ ግን አልተነሱም።

ሻንጣውን አልፈታችም። መጥረጊያውን ግን ጥግ አስደገፈችው።

"እኔ ነኝ፤ እጄ ነው" አለችና አንድ ጣቷን ዘረጋች።