አምስተኛው ቋጠሮ

«አምስተኛውስ የታለ?» አለች ዘኑባ፣ ሳጥኑ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ።

ሰኪና ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። የአማቷ የሐጃ ናባዊያ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሟች ልብስ ለድሃ ይሰጥ ተብሎ የባሏ እህት ዘኑባ ሳጥኑን ገና አሁን መክፈቷ ነው። ከላይ የአሮጊቷ ጥቁር ቀሚሶች ነበሩ። ከስር የሕፃኑ ልብሶች በየዕድሜው ተጠቅልለው፣ በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል። ሐጃ ፊደል አይቆጥሩም፤ ለየሦስት ወሩ አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩ ነበር። ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት። ከዚያ በኋላ የሳጥኑ ወለል ነው።

ዘኑባ ለቀስተኞቹን በጎን እያየች አንሾካሾከች። «እናቴ ለበኩርሽ ለሐምዲ ሁለት አሰረች፣ በስድስት ወሩ ሞተ። ለተከታዩ ለሳሚህ ሦስት አሰረች፣ ዘጠኝ ወሩን ሳይደፍን ሄደ። ለዚህ ደግሞ አራት ብቻ፤ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀረው። ወላሂ፣ የእናቴ እጅ ያውቅ ነበር!»

«ምላስሽን ይቁረጠው!» አለች ሰኪና። ግን ክው ብላለች። የአራተኛው ጥቅል ሸሚዝ ልጁን ጠቦታል፤ ጠዋት ስታለብሰው አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ተበጥሷል።

ይሄ ልጅ ሲወለድ የሰኪና እናት አዲስ ነጭ ልብስ አምጥታ ነበር። ሐጃ መልሰው ሰጧት። «አዲስ የለበሱትን ሁለቱን ቀበርን። ይሄ የለማኝ ልጅ ነው፣ ስሙም ሸሓት፣ ለማኝ ይባል። ለማኝን ማን በክፉ ዓይን ያየዋል?» አሉና፣ በከተማቸው በቁስ ዘካ ሲሰጡ እንጂ እጃቸውን ሲዘረጉ ታይተው የማያውቁት ሴት ነጠላቸውን ዘርግተው በየደጁ ቆሙ። «ስለ አላህ፣ ለዚህ ምስኪን እራፊ!»

አስቀድመው አይለምኑም። የለበሰው ሲጠበው ብቻ ይወጣሉ። ያገኙትን ጠቅልለው ቋጥረው የሲባጎውን ትርፍ በጥርሳቸው ይበጥሱታል። «እስከዚህ ሰጥተኸናል፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላ አላልንም» ይላሉ።

ሰኪና በሐፍረት ትሸማቀቅ ነበር። ሐጃ በሞቱበት ዕለት ለአምስተኛው ልብስ ሲወጡ በር ላይ አስቆመቻቸው። «እባክዎ ይተዉት፣ ሰው ሳቀብን።»

«በእኔ ይሳቁ፤ እሱ ብቻ ይደግ» ብለው ወጡ። መንገድ ላይ ወድቀው በሰው ሸክም ተመለሱ። ይህ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ሰኪናን ሲጸጽታት ሰንብቷል።

ሬሳውን ያጠበችው፣ የገላል እናት የሚሏት ሴት፣ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነስታ ሰኪና አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከጉያዋ ቢጫ ሸሚዝ አወጣች። ታጥቦ የሳሳ፣ አንዱ ቁልፉ የሌላ ልብስ ነው።

«ሳጥባቸው ከመቀነታቸው ስር አገኘሁት፣ ልጄ። ከሬሳ የወረደ ነገር ለሕፃን እንዴት ይሰጣል ብዬ ፈራሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሳኝ።»

«አቃጥዪው!» ዘኑባ ጮኸች። «ከሬሳ ጋር የዋለ ልብስ ልጁን ይጠራዋል!»

ሴቶቹ ስኒያቸውን አስቀመጡ። አንዷ አላህ ከክፉ እንዲጠብቃቸው «አዑዙ ቢላህ» አለች።

ሰኪና ሸሚዙን በሸሓት ጀርባ ላይ ለካችው። እጅጌው ከጣቶቹ አልፎ ተንጠለጠለ።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ዘኑባ» አለች። «ግን ይሄንን ሲለምኑለት ነው የሞቱት። አድጎ ይደርስበታል።»

አጣጥፋ በሲባጎ አሰረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቋጠረች። ትርፉን እንደ አማቷ ወደ ጥርሷ አስጠጋች። ከዚያ እንባዋ መጣና ሲባጎውን ከአፏ አወረደችው። ሳትበጥሰው፣ ረጅሙን ትርፍ ለስድስተኛው ቋጠሮ እንዳለ ትታ በጥቅሉ ላይ ጠምጥማ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።